ግድግዳ ጀርባ ገብቼ እንዴት ሞትኩ?

ቅዳሜ ማታ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ እህቴ ቤት ነበርኩ። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም መስኮቱን ሸፍኖታል። የእህቴ ልጅ ጋቢ ተከናንቦ ሶፋው ጥግ ላይ ኩርምት ብሏል። ከጋቢው ውጭ የሚታዩት ስልኩና ሁለት አውራ ጣቶቹ ብቻ ናቸው። ፐብጂ የተባለውን የስልክ የተኩስ ጨዋታ ይጫወታል። በጆሮ ማዳመጫው የሌላዋ እህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ያወራዋል። እዚያ ሙቀት ነው፤ እሱ በካናቴራ ሆኖ እንደሚጫወት አልጠራጠርም። ሁለቱ አንድ ቡድን ናቸው።

ድንገት የኛው ልጅ ከነጋቢው ብድግ አለ።

«ግድግዳ ጀርባ ገብቼ እኮ ነው! ወላሂ ገብቻለሁ! ሀከር ነው ይሄ!»

ከወዲያ ምን እንደተባለ አልሰማሁም። ጥሩ ነገር እንዳልሆነ ግን ከፊቱ ያስታውቃል። «አንተ ነህ ቀሽም!» ብሎ ዘጋበት። እህቴ ከማድ ቤት «ምን ሆናችሁ ነው እናንተ ልጆች?» አለች። የመለሰላት የለም።

ይህን ጠብ እናንተም ቤት ሰምታችሁት ይሆናል። ልጆቻችን በየማታው አንድ ክስ ያቀርባሉ፤ ተደብቄ ሳለ ተገደልኩ የሚል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሀከርም የለም፣ ቀሽምም የለም። ያለው ከሃያ ዓመት በላይ የሆነው አንድ ውሳኔ ነው። ጨዋታ ሠሪዎች ቁጭ ብለው፣ አስበው፣ ጉዳቱን አውቀው የወሰኑት ነው። ታሪኩን የማውቀው ደግሞ በካውንተር በኩል ስለሆነ ከዚያ ልነሳ።

እኛ በልጅነታችን ያንን የኮምፒውተር የተኩስ ጨዋታ ካውንተር ስትራይክ አንለውም ነበር፤ ካውንተር ነው። ፒያሳ አካባቢ፣ ደረጃ ወርዶ የሚገባ አንድ ጌም ቤት ነበር። አስር የሚሆኑ ኮምፒውተሮች፣ ወለሉ ላይ የተንጋደደ ሰማያዊ ገመድ፣ ጥግ ላይ ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኝ፣ አረንጓዴ መብራቱ የሚርገበገብ ስዊች። ኢንተርኔት የሚባል ነገር አልነበረውም። ጨዋታው ራሱ በፍላሽ ከአንዱ ወደ አንዱ የተገለበጠ ነው። የምሳ ብራችንን ይዘን ከትምህርት ቤት ቀጥታ እዚያ ነበር። ማዳመጫ ስላልነበረ ሁሉም ድምፅ በአንድ ክፍል ይደባለቃል። ትልቁ ማጭበርበር አንገትን አስግጎ የጎረቤትን ስክሪን ማየት ነበር። ስክሪን አየህ ተብሎ በቡጢ የተያያዘ አለ። «ግድግዳ ጀርባ ሞትኩ» ብሎ የተጣላ ግን አላስታውስም።

ይህ ጨዋታ የትልቅ ኩባንያ ልጅ አይደለም። ሚን ሌ የሚባል፣ ቬትናም ተወልዶ ካናዳ ያደገ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ከጄስ ክሊፍ ጋር ሆኖ ሠራው። መነሻቸው ቫልቭ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ሃፍ ላይፍ የተባለ ጨዋታ ነው። የሰው ቤት ላይ ሌላ ፎቅ እንደመጨመር ነው፤ በጨዋታ ቋንቋ ሞድ ይባላል። የመጀመሪያው የሙከራ ቅጂ በሰኔ 1999 በነፃ ተለቀቀ። ሰው ተረባረበበት። ቫልቭ ይህን አይቶ ጨዋታውን ገዛው፣ ልጆቹንም ቀጠረ፤ በኅዳር 2000 ደግሞ ለገበያ አቀረበው። እኛ ዘንድ የገነነው 1.6 የተባለው ቅጂ የ2003 ነው።

ዱስት የተባለውን ካርታ፣ ማለትም የመጫወቻ ሜዳ፣ የማያውቅ ካውንተር ተጫዋች የለም። ቢጫ አሸዋ፣ ቅስት በሮች፣ የእንጨት ሳጥኖች። እኛ የደሴ ልጆች በሐምሌ ዝናብ እየተንቀጠቀጥን በዚያ በረሃ ውስጥ እንሯሯጥ ነበር። ቦምብ ወደሚጠመድበት ቦታ የሚወጣውን ዳገት በኮምቦልቻ መንገድ ጠመዝማዛ ስም «ሐረጎ» ነበር የምንለው። ታዲያ በረሃው የማን በረሃ መሰላችሁ? የኢራቅ ነው፣ የግብፅ ነው እያልን እንከራከር ነበር። የማንም አይደለም። ዴቪድ ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ጎረምሳ፣ ገና ያልወጣ ሌላ ጨዋታ ምስሎች አይቶ ነው የሠራው። ጨዋታው ቲም ፎርትረስ 2 ነው። ነገሩ የሚያስቀው እዚህ ላይ ነው። ያ ጨዋታ ዘገየ፣ ዘገየ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ ያ በረሃ በውስጡ የለም። መልኩ ሁሉ ተቀይሮ እንደ ካርቱን ሆኗል። ዋናው ቀርቶ ኮፒው ኖረ ማለት ነው። ዱስት 2 በ2001 ተከተለ፤ እስካሁንም ይጫወቱበታል።

ቲም ፎርትረስን ካነሳሁ አይቀር፣ በጨዋታው ውስጥ ጠላት መስሎ የሚገባው ሰላይ የመጣው ከስህተት ነው። ሮቢን ዎከርና ባልደረቦቹ አውስትራሊያ ሆነው የመጀመሪያውን ቲም ፎርትረስ ኩዌክ በተባለ የተኩስ ጨዋታ ላይ ሲሠሩ፣ በኮድ ስህተት አንዳንድ ተጫዋች የተቃራኒውን ቡድን ቀለም ለብሶ ይታይ ነበር። ሌላው ሰው ቢሆን አርሞ ያልፈዋል። እነሱ ግን «ይሄማ አሪፍ ነው» ብለው ገጸ ባሕርይ አደረጉት።

ስለ ጠመንጃዎቹ ደግሞ አንድ የማልረሳው ቀን አለ። አንድ የገጠር ሰው፣ ጋቢያቸውን ያጣፉ ጎልማሳ፣ ልጃቸውን ፍለጋ ጌም ቤቱ ገቡ። ሁላችንም ፀጥ አልን። ልጁን በጆሮው ይዘው ይወጣሉ ብለን ስንጠብቅ ከጀርባው ቆመው ስክሪኑን ማየት ጀመሩ። ቆዩ። ከዚያ፣

«ይሄ ክላሽ ነው?» አሉ።

«አዎ አባዬ።»

«ማቀባበያው በግራ ነው እንዴ? ቀለሁስ በዚህ በኩል ነው የሚወጣው?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄን የሠራው ሰው ክላሽ አያውቅም።»

ሳቅን። ሰውየው ግን ልክ ነበሩ። የእውነተኛው ክላሽ ማቀባበያ በቀኝ ነው፣ ቀለሁም በቀኝ ይፈናጠራል። የካውንተር ጠመንጃዎች መጀመሪያ የተሠሩት በግራ እጅ ለተያዘ መሣሪያ ነው። ከዚያ በቀኝ እጅ እንዲታዩ ሲፈለግ ምስሉ እንደ መስታወት ተገለበጠ። አብሮ ማቀባበያው ተገለበጠ። በ1.6 ክላሹ በስሙ እንኳ ክላሽ አይባልም፤ ሲቪ 47 ተብሎ ነው የተጻፈው። እኚያ ሰው ልጃቸውን አልመቱትም። «ጨርስና ና» ብለውት ውጭ ቆሙ።

እሳቸው ሳያውቁት የቀረ አንድ ሌላ ጉድ ነበር። ካውንተር ውስጥ ጥይት አይበርም። ክላሹ ሲጮህ ከአፈሙዙ የሚወጣ ነገር የለም። ጨዋታው የሚያደርገው ከተኳሹ ዓይን ተነስቶ አንድ ቀጥ ያለ መስመር መሳል ነው። መስመሩ ሰው ካገኘ ሰውየው ተመታ፣ አለቀ። የጉዞ ጊዜ ዜሮ ነው። በፐብጂ ጥይቱ ይጓዛል፣ ሲርቅም ዝቅ ይላል። ካውንተር ግን መስመር ብቻ ነው። መስመሩን ደግሞ የሚስለው የእናንተ ኮምፒውተር አይደለም፤ ሰርቨሩ ነው። ሰርቨር ማለት ዳኛ ነው። ማን የት እንደቆመ፣ ማን እንደሞተ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እሱ ነው። የእናንተ ስክሪን የሚያሳየው ከዳኛው የመጣ ወሬ ነው። ወሬ ደግሞ ለመድረስ ጊዜ ይፈጃል።

ያ ጊዜ ነው ፒንግ የሚባለው። መልእክታችሁ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ ያለው ቆይታ፣ በሚሊ ሰከንድ ሲቆጠር። በጌም ቤታችን ገመድ ከአስር በታች ነበር። ዳኛው እኮ ያው አንድ ክፍል ውስጥ፣ ከኛው ጋር ነው የተቀመጠው።

በድሮው ኩዌክ ጊዜ ከሩቅ ሲጫወቱ ወደፊት ሂድ ብሎ ቁልፍ ተጭኖ የሰርቨሩን ፈቃድ መጠበቅ ነበር። ሰውዬው የሚራመደው መልሱ ሲመጣ ነው። ጭቃ ውስጥ መሄድ ማለት ነው። ከኩዌክ ሠሪዎች አንዱ ጆን ካርማክ እ.ኤ.አ. በ1996 ኩዌክወርልድ በተባለው የኩዌክ የኢንተርኔት ቅጂ ላይ ይህን ፈታው። ኮምፒውተራችሁ ሳይጠይቅ ይራመድ፣ ሰርቨሩ ካልተስማማ በኋላ ያርመው አለ። እርምጃው ተፈታ፤ ተኩሱ ግን ቀረ። በስክሪናችሁ ላይ ያለው ጠላት ያለፈው ጠላት ነው፤ አሁን እዚያ የለም። ስለዚህ ለመምታት ወደሚሄድበት ቀድሞ መተኮስ ያስፈልጋል። በምን ያህል? እንደ ፒንጋችሁ። ፒንግ በየደቂቃው ይቀያየራል፤ ሰው ደግሞ ካልኩሌተር አይደለም።

የቫልቩ ያን በርኒየር መፍትሔውን እ.ኤ.አ. በ2001 ጽፎ አቅርቧል። ሐሳቡ ሲሰሙት ተረት ይመስላል። ሰርቨሩ የሁሉንም ተጫዋች የቅርብ ጊዜ ቦታ በማስታወሻ ይይዛል። አንዱ ሲተኩስ፣ ሰርቨሩ የዚያን ሰው ፒንግ ያሰላና ጊዜን ወደ ኋላ ይመልሳል። ሌሎቹን ሁሉ ተኳሹ ሲያያቸው በነበሩበት ቦታ መልሶ ያቆማቸዋል። መስመሩን ይስላል። መትቶ ከሆነ መቷል። ከዚያ ሁሉንም ወደ አሁን ይመልሳቸዋል። ወደ ኋላ የሚሄደው ቢበዛ አንድ ሰከንድ ያህል ነው። ይህ ሁሉ በየተኩሱ፣ ዓይን ሳይርገበገብ ነው የሚሆነው።

አሁን ወደ ግድግዳችን እንምጣ። ከሳሽና ተከሳሽ ሽማግሌ ፊት ቀረቡ እንበል። ተኳሹ «ሳየው ሜዳ ላይ ነበር» ይላል። ሟቹ «እኔ ግድግዳ ጀርባ ገብቼ ነበር» ይላል። የሚገርመው ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አንዱ የዋሸ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ሽማግሌው ግን አንዱን መምረጥ አለበት። የተኳሹን ቃል ተቀበለ።

ምን ያህል ልዩነት ነው ብትሉ እስቲ እናስላው። ካውንተር ውስጥ ቢላ የያዘ ሰው በሰከንድ 250 የጨዋታ መለኪያ ይሮጣል። የሰውየው ወርድ 32 ነው። የተኳሹ ፒንግ 200 ይሁን። በዚያ ላይ ጨዋታው እንቅስቃሴ እንዳይንገጫገጭ ብሎ ሆን ብሎ የሚያዘገየው 100 ሚሊ ሰከንድ አለ። ድምሩ 0.3 ሰከንድ። በ0.3 ሰከንድ ሯጩ 75 መለኪያ ሄዷል። ከሁለት ሰው ወርድ ይበልጣል። ማለትም ሙሉ በሙሉ ግድግዳ ጀርባ ገብተህ፣ ሌላ አንድ ሰው ከኋላህ ተከትሎ ለመግባት በቂ ቦታ ሲኖር፣ አንተ አሁንም ሜዳ ላይ ነህ። በተኳሹ ዓለም። የሞባይል ጨዋታዎች ስሌታቸው የየራሳቸው ነው፤ መሠረቱ ግን አይቀየርም። ማንኛውም ስክሪን የሚያሳየው ያለፈውን ነው።

በርኒየር ይህን አልደበቀም። በዚያው ጽሑፉ ላይ ተደብቆ የሚሞት ሰው እንደሚኖር ጽፏል። ግን አነጣጥሮ መትቶ «አልመታህም» መባል የባሰ ያበሳጫል ብሎ ፈረደ። እኔም ብሆን የምፈርደው እንደሱ ነው። ተኳሹ ማነጣጠሪያውን ጠላት ላይ አድርጎ ነው የተኮሰው፣ ሌላ ምን ያድርግ? ሟቹ ደግሞ ምን ያህል ጊዜ በዚሁ ሕግ ገድሎ «ሄድሾት!» እያለ ጨፍሯል? ያንን አይቆጥረውም። የእህቴ ልጅም አይቆጥረውም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ካውንተር ስትራይክ 2 ተኩሱ የተደረገበትን ቅጽበት ይበልጥ በጥራት ለመመዝገብ ሞክሯል። ርቀትን ግን ማንም ሊሰርዘው አይችልም።

ለኛ አገር ነገሩ የሚብሰውም እዚህ ላይ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባስ ተሳፍረህ፣ ሐረጎን ጠመዝማዛውን ወርደህ፣ ጆሮህ ጭው ሲል ደርሰሃል። ሁለቱ ልጆች ግን ፐብጂ ላይ ሲገናኙ በሐረጎ አይደለም የሚገናኙት። ሰርቨሩ ውጭ ነው። ሲገቡ የሚመርጡት አውሮፓ ወይ መካከለኛው ምሥራቅ ወይ እስያ ነው። ባሕር ስለሌለን መስመሩ በጎረቤት አገር አድርጎ፣ ባሕር ውስጥ ገብቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ደሴ ያለው ልጅ «ወደ ግራ!» ብሎ ሲሮጥ፣ ኮምቦልቻ ያለው እርምጃውን የሚያየው ወሬው ከአገር ወጥቶ፣ ባሕር አቋርጦ፣ ተመልሶ ሲገባ ነው። ሐረጎን ለመውረድ ዓለምን ይዞራል።

በመስታወት ሽቦ ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከደሴ አዲስ አበባ በመንገድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሽቦው መንገዱን ተከትሎ ቢሄድ እንኳ ደርሶ መልሱ 4 ሚሊ ሰከንድ ነው። ብርሃኑ አልሰነፈም ማለት ነው። የሚያዘገየን ዙሩ ነው፣ በየመገናኛው ያለው ወረፋ ነው፣ የሞባይል ምሰሶውን ከሰፈሩ ሁሉ ጋር መጋራቱ ነው። ማታ ሁሉም ሰው ቪዲዮ ሲከፍት ፒንጉ የሚዘለው ለዚህ ነው። ልጆች «ፓኬጅ ጨምሩልን» ይሉናል። ፓኬጅ የዳታውን ብዛት እንጂ መንገዱን አያሳጥርም። ይህን ለእህቴ ልጅ ሳስረዳው በጣም አዘነ። ገንዘብ ሊጠይቀኝ ነበር መሰለኝ።

ሌላም ያሳዘነው ነገር ነገርኩት። ጀማሪ እያለ አስር አስራ አምስት ሰው ገድዬ አሸነፍኩ እያለ ሲፎክር የነበረው፣ ብዙዎቹ ሰው አልነበሩም፤ ቦት ናቸው። ፐብጂ ሞባይል ዝቅተኛ ደረጃ ላይ መቶ ሰው መሙላት ሲያቅተው ማሽን ይጨምራል። ሜዳ ላይ ቆሞ ዝም ብሎ የሚጠብቅህ፣ ተኩሶ የሚስትህ፣ ያ ቦት ነው። እኛም ጌም ቤት ሰው ሲጎድል ቦት እንጨምር ነበር፤ ኮንዲሽን ዜሮ ለተባለው እ.ኤ.አ. በ2004 ለወጣው ካውንተር ተሠርተው ወደ 1.6 የተሻገሩትን። እነሱን የጻፈው ማይክ ቡዝ ነው። እሱና ጓደኞቹ አንድ ቀን ለጨዋታ ያህል ጥቂት ሰው ጠመንጃ ይዞ፣ ቢላ ብቻ የያዙ ብዙ ቦቶች እንዲያሳድዷቸው አደረጉ። ተመቻቸው። ሌፍት ፎር ዴድ የሚባለው የዞምቢ ጨዋታ የተወለደው ከዚያ ነው።

ስለ ተኩስ ጨዋታ ስጽፍ በደሴ የማልዘለው ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ድረስ መጥቷል። ያኔ ትንሽ የነበረ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ነው፤ የመድፉን ድምፅ ያውቀዋል። ጨዋታ ልጁን ያበላሸዋል ወይ ለሚለው ክርክር እዚህ መልስ አልሰጥም። የማውቀው እህቴን ነው። ማዳመጫ ሳያደርግ እንዲጫወት አትፈቅድለትም። ልጁ ሳይሆን እሷ ናት የምትደነግጠው። ልጁ ይህን ያውቃል፤ ማዳመጫው ሲበላሽበት ድምፁን አጥፍቶ ይጫወታል። በዚያ ምክንያት የእግር ኮቴ ሳይሰማ ስንት ጊዜ ከኋላ እንደተመታ እሱ ነው የሚያውቀው።

ባለፈው ሳምንት የኮምቦልቻው ልጅ መጣ። ጋቢ አልያዘም፣ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። ሁለቱን ይዤ ገና በገመድ የሚያጫውት አንድ ቤት ሄድኩ። አሁን ብዙው ፕሌይስቴሽን ብቻ ነው፤ ይሄኛው ግን ጥግ ላይ አራት አሮጌ ኮምፒውተሮች ትቷል። 1.6 አለው። ዱስት 2ን ከፈትኩላቸው፣ አንድ ለአንድ። ታብ ተጭኜ ፒንጉን አሳየኋቸው። 5 ይላል። ሁለቱም አፋቸውን ከፈቱ።

«አሁን ሰበብ የለም» አልኳቸው። «ግድግዳ ጀርባ የገባ ገብቷል።»

እውነትም ሠራ። የኛው ልጅ ሳጥን ጀርባ ዘለለ፣ የክላሹ ተኩስ ሳጥኑን ለቃቀመው፣ እሱ ምንም አልሆነም። እየሳቀ ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ በሌላ በኩል ለመውጣት ቀስ ብሎ፣ ኮቴውን አጥፍቶ ተጠጋ። ገና ጫፉ ብቅ ሲል አንድ ጥይት ግንባሩን አለው። ያኛው ልክ እዚያች ቦታ ላይ አነጣጥሮ ሲጠብቀው ነበር።

«ስክሪኔን አይቶ ነው!» ብሎ ጮኸ። «አጎቴ፣ ወላሂ አንገቱን አስግጎ ስክሪኔን አይቶ ነው!»

አይቶ ነበር። እኔም አይቼዋለሁ።